የመኪና ልምድ፦ ሃያ ስድስት ዓመት

በአውቶቡስ ጋራዡ ሦስት መቶ ሰው ይሠራል። ከሦስት መቶው መሐል የከተማውን ሕዝብ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያስቀመጠች አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እትዬ። ያስቀመጠች ስል ቀልዴን አይደለም፤ የተሳፋሪ ወንበር ልብስ የምትሰፋው እሷ ናት። እሷ ባትኖር ሕዝቡ ስፖንጅ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ስፖንጁ ሲያልቅ ብረት ላይ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተው አስቡት።

የስፌት ክፍሏ ከጋራዡ ጥግ፣ በጎሚስታውና በላቫጆው መካከል ነው። በአንድ ግድግዳ መዶሻ ይጮኻል፣ በሌላው ውሃ ይንፏፏል፣ መሐል ላይ እትዬና መኪናዋ። ድሮ አራት ሰፊዎች ነበሩ፤ ሁለቱ ጡረታ ወጡ፣ አንዷ አግብታ ሌላ አገር ሄደች፣ እትዬ ብቻ ቀረች። የሄዱትን ሴቶች መኪኖች ግን አልጣለቻቸውም። አንድ ብሎን ከዚህኛው፣ አንድ ኩሽኔታ ከዚያኛው እየፈታች የራሷን ታድንባቸዋለች። ካቻቢቴና ፒንሳ ከመቀሷ ጎን ነው የሚሰቀሉት። መካኒክ ጠርታ አታውቅም፤ ለምን ሲሏት «የመካኒክ እጅ ግራሶ ነው፣ ጨርቄን ያበላሽብኛል» ትላለች።

መቼም የኛ ቋንቋ ለጋስ ነው፤ አውቶቡሱንም መኪና፣ የምትሰፋበትንም መኪና ብሎ ዐረፈው። በዚያ ግቢ አንድ ሰው «መኪናዬ እምቢ አለችኝ» ቢል፣ ፊቱን ካላያችሁ ምኑ እንደተበላሸ አታውቁም።

እትዬ ደግሞ አንገቷን የደፋች ሴት እንዳትመስላችሁ። አንድ ሹፌር የተቀደደ ወንበር በወር ሁለት ጊዜ ካመጣባት «አንተ፣ ሰው ነው የምትጭነው ወይስ ጅብ?» ብላ በሰው ፊት ታሸማቅቀዋለች። ሹፌሮቹ ይፈሯታል፣ ይወዷታልም። ከወንበሮቹ ሥር የምታገኘውን ዕቃ፣ የአንድ ጆሮ ጉትቻ፣ የተቀደደ የፍቅር ደብዳቤ፣ አንድ ጊዜማ ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ መደርደሪያ ላይ ደርድራ ባለቤቱን ትጠብቃለች። ዓመት ሞልቶት ጠያቂ ያላገኘ ዕቃ ለአግኚው ነው፤ የድርጅቱ ደንብ ነው።

የጋራዡ ኃላፊ ቱርቦ ይባላል። ስሙን ያወጣለት አካሄዱ ነው፤ ቢሮው ውስጥ ካያችሁት አሁን፣ ሊፍቱ ሥር ታገኙታላችሁ አሁን። በሃያ ዓመቱ ረዳት መካኒክ ሆኖ ሲገባ ቱታው ሁለት ቱርቦ የሚይዝ ነበርና አጥብባ የሰፋችለት እትዬ ናት። ዛሬ ቱታው ጠቦታል፤ ሥልጣኑ ግን ሰፍቷል። ክፉ ሰው አይደለም። አንድ እብደት ብቻ አለበት፤ ሪሞት መኪና።

የልጅ መጫወቻ ናት ብሎ ፊት ለፊት የነገረው ሰው ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ይነፈጋል። የቱርቦ መኪና ክንድ የምታህል፣ ቀይ፣ ካርቦን የሌለው ሞተር የተገጠመላት፣ ባትሪዋ የሚያስፈራ ጉድ ናት። ከመደብር ስትወጣ እንዲህ አልነበረችም፤ ሞተሯን ሦስት ጊዜ ለውጦላታል፣ ማርሿን ሁለት ጊዜ፣ ጎማዋን ስንት ጊዜ እንደሆነ እሱም አያውቀውም። በምሳ ሰዓት ላቫጆው እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ይለቃታል። የጥበቃው ድመት ከዚያ ወዲህ ጣሪያ ላይ ነው የምትኖረው።

እንግዲህ ጉዱ የመጣው ከዚህ ነው። ቱርቦ ለመኪናዋ ጠረጴዛ ያስፈልገዋል፣ ብርሃን ያስፈልገዋል፣ ብዙ ሶኬት ያስፈልገዋል። በግቢው ውስጥ ሰፊ ጠረጴዛ፣ ትልቅ መስኮትና ስድስት ሶኬት ያለው አንድ ክፍል ብቻ ነው። በዚያው ሰሞን ደግሞ አንድ ነጋዴ ዝግጁ የፕላስቲክ የወንበር ልብስ ይዞ መጣ፤ መስፋት የለ፣ መጠገን የለ፣ ሲቀደድ መጣል ብቻ። ቱርቦ ሁለቱን ነገር በልቡ ደመራቸው። ክፍሉን «ለመለዋወጫ ማከማቻ» ብሎ ጠየቀ፤ ምን ዓይነት መለዋወጫ እንደሆነ የጠየቀው አልነበረም።

ማክሰኞ ጠዋት ለእትዬ ደብዳቤ መጣላት። ጸሐፊዋ ናት ያመጣችላት፤ ሰጥታት ዓይኗን ሰብራ ወጣች። እትዬ መነጽሯን አድርጋ አነበበች። ጸሐፊዋ ለካ በጥድፊያ የጡረተኛ ሹፌሮችን ደብዳቤ ነው ገልብጣ የጻፈችው። «ላለፉት ሃያ ስድስት ዓመታት በመኪና ላይ ተቀምጠው ያለ አንዳች አደጋ ሕዝብን ያገለገሉ በመሆኑ፣ ከዚህ ወር መጨረሻ ጀምሮ በክብር እንዲሰናበቱ ተወስኗል» ይላል። ከሥሩ የቱርቦ ፊርማ፣ ከፊርማው ሥር «ግልባጭ፦ ለዋናው መሥሪያ ቤት»።

መጀመሪያ ሳቀች። «ያለ አንዳች አደጋ» የሚለው ላይ ስትደርስ በመርፌ የተበሳውን አውራ ጣቷን አየችና እንደገና ሳቀች። ከዚያ ሳቁ የት እንደገባ እንጃ፣ ጠረጴዛው ላይ በግንባሯ ተደፍታ አለቀሰች። ለጡረታ ሦስት ዓመት ይቀራታል። ገንዘቡ አልነበረም ያስለቀሳት። ቤት መዋል ምን እንደሚያደርግ በዓይኗ ያየች ሴት ናት።

ያየችው በባሏ ነው። ባሏ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ከወጣ አራተኛ ዓመቱ ነው። በዚያ ግቢ ማንም የማይከራከረው ሹፌር የነበረ ሰው፣ ዛሬ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የጎረቤት መውጫና መግቢያ ይመዘግባል፤ «የስምንት ቁጥሯ ዛሬ ሰባት ደቂቃ ዘገየች» ይላል። ከሬዲዮ ጋር ይጨቃጨቃል። ሾርባ ሲቀርብለት ሾርባውን ማርሽ እንደሚለውጥ ሰው ያማስለዋል። እትዬ ትወደዋለች፤ እንደሱ መሆን ግን ያስፈራታል።

«ቤት ቁጭ ካልኩ እሞታለሁ» አለችው የዚያን ዕለት፣ ጫማዋን ሳታወልቅ።

«እኔ ሞቻለሁ እንዴ?» አለ ባሏ ተቆጥቶ።

እትዬ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ታወልቅ ጀመር። እሱም ዞሮ ሬዲዮውን ከፈተ።

ሐሙስ ዕለት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንድ ወረቀት ተለጠፈ። የሠራተኞች ቀን በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ይከበራል፤ የሪሞት መኪና ውድድርም አለ። አምና አንድ አዲስ ተቀጣሪ መኪናውን መቆጣጠር አቅቶት የሒሳብ ሹሙን ቁርጭምጭሚት ስለመታው፣ ቱርቦ ዘንድሮ ደንብ አወጣ፦ «ተወዳዳሪዎች በመኪና ላይ ከአሥር ዓመት ላላነሰ ጊዜ ማገልገላቸውን በማስረጃ ማረጋገጥ አለባቸው።» ሹፌሮችና መካኒኮች ብቻ ይግቡ ማለቱ ነው።

በምሳ ሰዓት ላቫጆው ላይ ሹፌሮች ከበውት ሲያሞግሱት ቱርቦን ሞቅ አለው። ሦስት ዓመት የቀደመው የለም። ደረቱን ነፋና «እኔን የሚቀድም ከተገኘ፣ በሥልጣኔ ሥር ያለ ነገር ሁሉ፣ የጠየቀኝን አደርግለታለሁ! ቃሌ ቃል ነው!» አለ።

«የዓመት ፈቃድ እጥፍ?» አለ አንዱ።

«እጥፍ!»

«ቢሮህን?»

«ወንበሬን ጨምሬ!»

እትዬ ከመስኮቷ ሆና ትሰማለች። መርፌው ውስጥ ክር እያስገባች ነበር፤ ክሩ በአንድ ጊዜ ገባላት። ተነሥታ ደብዳቤዋን ከመሳቢያ አወጣችና ወደ ጸሐፊዋ ሄደች።

«መዝግቢኝ» አለቻት።

«ምን ላይ፣ እትዬ?»

«ውድድሩ ላይ።»

ጸሐፊዋ ቅጹን ቀና አድርጋ፣ እየፈራች፣ «የመኪና ልምድ የሚል አለ እኮ፣ እትዬ…» አለች።

እትዬ ደብዳቤውን ዘረጋችላት። «በመኪና ላይ ተቀምጠው» በሚለው ላይ ጣቷን አሳረፈች። ጸሐፊዋ የራሷን ጽሑፍ አነበበች፤ ስሕተቷ ሲገባት ፊቷ ቀላ፤ ቀጥሎ ከንፈሯን ነከሰች፤ ቀጥሎ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የተፈረመበት ማስረጃ ነው፤ ማን ይከራከራል? «ሃያ ስድስት ዓመት» ብላ በውብ እጅ ጽሑፍ ሞላች። ለማንም እንደማትናገር በአባቷ ስም ማለች።

መኪናስ? እሷም ነበረች፤ ከተረሳ ዕቃ መደርደሪያው ላይ፣ ዓመት ከሦስት ወር ጠያቂ ያጣች፣ በላስቲክ ከረጢት ከነሪሞቷ የተጠቀለለች። እትዬ ይዛት ገባችና ሳሎን ወለል ላይ ለቀቀቻት። መኪናዋ እየተንጠራራች ተነሣች፤ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ስትደርስ ቆም ብላ አሰበች፤ ከዚያ ተወችው።

«ይቺ ከኔ ብሳ ጡረታ ወጥታለች» አለ ባሏ።

«ጉልበት ያንሳታል እንጂ አላረጀችም» አለች እትዬ። ካቻቢቴዋን አወጣች። ሆዷን ስትከፍተው ሞተሯ አውራ ጣት አታክልም። ዓይኗ ሳሎኑን ዞሮ ዞሮ ግድግዳው ላይ ያለች አንዲት ቀዳዳ ላይ አረፈ። ቀዳዳዋን የበሳው ባሏ ነው፤ ጡረታ የወጣ ሰሞን መደርደሪያ እሠራለሁ ብሎ በባትሪ የሚሠራ ድሪል ገዝቶ፣ አንድ ቀዳዳ ብቻ በስቶ ተወው።

«ድሪልህን አምጣ» አለችው።

«ኧረ! መደርደሪያ ልሠራበት ነው!»

«አራት ዓመት?»

«ቦታውን እያጠናሁ ነው እኮ!»

ድሪሉ መጣ። እትዬ እንደ ሽንኩርት ላጠችው። ከውስጡ ቡጢ የሚሞላ ሞተር ወጣ፤ ባትሪውም ጎረምሳ ነው። ሞተሩን በስፌት ቀበቶ ቁራጭ ጠፍራ አሠረችና ሽቦ ከሽቦ አገናኘች። ባሏ «ሞተር አስነሣ!» ብሎ አዘዘ፤ ልማዱ ነው። እትዬ ሪሞቱን ነካችው። መኪናዋ አንድ ክንድ ያህል ተወረወረች፤ ከዚያ ከሆዷ ጭስ ወጣ። ጉልበቱን የምትመጥነው ትንሽዬ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ የዚህን የሚያህል ሞተር አይታ አታውቅምና ደንግጣ ሞተች።

በማግስቱ እትዬ አሮጌ ኤሌክትሮኒክስ ወደሚጠግን ሰውዬ ሄዳ ጠንካራ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ጠየቀች። ሰውዬው «ለልጅ ልጅዎ ነው፣ እማማ?» አላት። «አዎ፣ አንድ የሚያስቸግር የአርባ አራት ዓመት ልጅ አለ» አለችው፤ ቱርቦን ማለቷ ነው። ሰውዬው አልገባውም፤ ዕቃውን ግን ሰጣት።

አዲሱ መቆጣጠሪያ ቻለው። ያልቻለው ማርሹ ነው፤ መኪናዋ ከበረንዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ጊዜ በረረችና ሦስተኛው ላይ ሞተሩ እየጮኸ ጎማው ቆመ። የፕላስቲኩ ማርሽ ጥርሱ ሙልጭ ብሎ ረግፏል።

«እሰይ፣ ጓደኛ አገኘሁ» አለ ባሏ፤ የፊት ጥርሶቹ የሉም።

የብረት ማርሽ ተገኘ። ሁለት ማርሽ በጣም ከተጣበቀ ይበላላል፣ በጣም ከራቀ ይንሸራተታል፤ እትዬ ልክ መቁረጫ ወረቀቷን ቀጭን አድርጋ ቀደደችና በሁለቱ መሐል አስገብታ ብሎኑን አጠበቀች። ወረቀቷን ስትጎትታት ሳትቀደድ ታጥፋ ወጣች። ልኩ ይህ ነው። ማን አስተማረሽ ቢሏት ማንም አላስተማራትም፤ ሃያ ስድስት ዓመት የመርፌዋንና ከሥሯ ያለውን ብረት ርቀት ስትለካ የኖረች ሴት ናት። ኩሽኔታዎቹን በስፌት መኪና ዘይት አራሰቻቸው።

እሑድ ከሰዓት ከቤታቸው ጀርባ ወዳለው የትምህርት ቤት ሜዳ ወሰዷት። እዚያ ደግሞ ሌላ ጉድ ታየ። ፍጥነቱ ሲበረታ ጎማዎቹ እንደ ፊኛ ይነፋሉ፤ መኪናዋ በጎማዋ ጫፍ ቆማ ትጨፍራለች። አፍንጫዋም ወደ ሰማይ ይነሣል። ባሏ «ጭነት ያንሳታል ከፊት» ብሎ ፈረደ፤ ልክ ነበር። እትዬ ሰኞ ከጎሚስታው የጎማ ማመዛዘኛ እርሳስ ለምና አፍንጫዋ ላይ ለጠፈች። ጎማዎቹን አወለቀችና በውስጣቸው ዙሪያ የወንበር ጠርዝ የምታስርበትን ጠንካራ ጥብጣብ በእጇ ሰፋችባቸው፤ ክሩ ያዛቸው፣ መንፋት የለ። እንዲህ ያለ ጎማ ቱርቦም የለውም።

ማታ ሜዳው ላይ መኪናዋ አውሬ ሆነች። አውሬውን የሚነዳ ግን ጠፋ። የሪሞቷ ምላጭ በጣት የሚሳብ ነው፤ እትዬ በጣቷ ጫፍ ነካ ስታደርጋት መኪናዋ ተወርውራ ቅርጫት ኳሱ ምሰሶ ላይ ትላተማለች። ባሏ «ለሹፌር ስጪ!» ብሎ ተቀበላት። መሪውንስ አሳምሮ ያዘው፤ ነገር ግን በየአሥር እርምጃው ያቆማል።

«ለምንድነው የምታቆመው?»

«ፌርማታ ነዋ!»

እትዬ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ሳቁ ሲያልፍ ቀኑን በጣቷ ቆጠረች። አምስት ቀን ቀርቷታል። መኪናዋ ተሻለች፣ ጣቷ ግን ዕድሜ ልኩን ጨርቅ ሲመራ የኖረ ጣት ነው፤ ጉልበት መመጠን አያውቅም። ጉልበት የሚመጥነው ምኗ ነው? ይህን እያሰበች ቀኝ እግሯ በራሱ ጊዜ ሣሩን ጫን፣ ለቀቅ፣ ጫን ያደርግ ነበር። አየችው።

«ተነሥ» አለችው ባሏን። «የብስክሌትህ ፍሬን ካቦ ይፈለጋል።»

ቅዳሜ ጠዋት ግቢው በሰው ተሞላ። በአሮጌ ጎማ የተከለለ መንገድ ከላቫጆው እስከ ሊፍቱ ይዞራል፤ አምስት ዙር ነው። ቱርቦ አዲስ ቱታ ለብሷል። ሁለት ሹፌሮች መኪኖቻቸውን ይዘው ቆመዋል። አራተኛ ስም ሲጠራ እትዬ ከስፌት ክፍሏ ወጣች፤ ባሏ ከኋላዋ የምትሰፋበትን ወንበር ተሸክሟል፤ ከወንበሩ ላይ የስፌት መኪና ፔዳል ተንጠልጥሏል፤ ከፔዳሉ የብስክሌት ካቦ ተነሥቶ ወደ ሪሞቱ ምላጭ ይሄዳል። ወንበሩ ተቀመጠ። እትዬ ተቀመጠች። ሪሞቱን ጭኗ ላይ አደረገች፤ ቀኝ ጫማዋን አውልቃ ባዶ እግሯን ፔዳሉ ላይ አሳረፈች።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አንዱ «እትዬ፣ ሱሪዬን አሳጥሪልኝ!» ብሎ ጮኸ።

«ያንተን አፍ ነው የማሳጥረው» አለች ቀና ሳትል።

ቱርቦ ከሳቁ ሲመለስ ደንቡ ትዝ አለው። «እትዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ የመኪና ልምድ ይጠየቃል። አንቺ መች መኪና ነድተሽ ታውቂያለሽ?»

ጸሐፊዋ ጉሮሮዋን ጠራረገችና ደብዳቤውን በሰው ሁሉ ፊት አነበበች፤ «በመኪና ላይ ተቀምጠው ያለ አንዳች አደጋ…» እያለች። «ፊርማው ያንተ ነው፣ ኃላፊ» አለች ስትጨርስ። ሹፌሮቹ መሬት ለመሬት ተንከባለሉ። «ደንቡ የትኛው መኪና እንደሆነ አይልም» አለ ባሏ በሽማግሌ ድምፅ። እትዬ ገባች።

ተለቀቁ። አንደኛው ሹፌር ከመጀመሪያው ኩርባ አላለፈም፤ ሁለተኛው ላቫጆው ቦይ ውስጥ ገባ። ቱርቦና እትዬ ቀሩ። ቀይዋ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ እንደ ጥይት ናት፤ እትዬ አትደርስባትም። ኩርባ ላይ ግን ቱርቦ ጣቱን ይለቅና ኩርባው ሳያልቅ እንደገና ሙሉ ይስባል፤ ቀይዋ ትንሸራተታለች፣ ጎማ ትገጫለች። እትዬ ኩርባ የምትዞረው የወንበር ማዕዘን እንደምትሰፋው ነው፤ ሲቃረብ እግሯን ታለሳልሳለች፣ ትዞራለች፣ ከዚያ ቀስ እያለች ትጫናለች። በየኩርባው አንድ ስንዝር ትቀማዋለች። ሦስተኛው ዙር ላይ የሚስቅ ሰው አልነበረም። አራተኛው ላይ ሁሉም ቆሞ ነበር። ባሏ «ቀኝ ያዢ! ቀኝ ያዢ!» እያለ ከወንበሩ ጀርባ ይዘላል።

በአምስተኛው ዙር ከእትዬ መኪና ቀጭን ጭስ ወጣ። የድሪሉ ሞተር እየነደደ ነው። አየችው፣ ሸተታትም። ካቆመች ክፍሏ ሄደ፣ ካላቆመች ሞተሩ ይሄዳል። እግሯን አላነሣችም። «በቃ ንደጂ፣ ብቻ ድረሺልኝ!» አለች ጮክ ብላ። ቱርቦ ከጎኑ መድረሷን ሲያይ ደነገጠና የመጨረሻዋ ኩርባ ላይ ሙሉ ሳበ። ቀይዋ ጎማ ላይ ወጣች፣ አየር ላይ ተገለበጠች፣ በጀርባዋ ወድቃ አራት እግሯን ታሽከረክር ጀመር። የእትዬ መኪና ሞተሯ ቀጥ አለ፤ በደረሰባት ፍጥነት ብቻ እየተንከባለለች፣ እየቀዘቀዘች፣ እያጨሰች፣ መስመሩን አለፈችና ቆመች።

ግቢው ተናወጠ። ባሏ የማያውቀውን ሹፌር አቅፎ ሳመ። እትዬ ከወንበሯ አልተነሣችም፤ ባዶ እግሯ አሁንም ፔዳሉ ላይ ነው።

ቱርቦ ላቡን እየጠረገ መጣ። ፊቱ ፍም መስሏል፤ ቃሉን ግን የሰማው ሰው ብዙ ነው። «ጠይቂ» አላት።

«በሥልጣንህ ሥር ያለ ነገር ሁሉ ብለሃል?»

«ብያለሁ።»

«ክፍሌን መልስልኝ። ሥራዬን መልስልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ቱርቦ አንገቱን ደፋ። «እትዬ… ደብዳቤው እኮ ለዋናው መሥሪያ ቤት ሄዷል።»

«በደብዳቤ የሄደ በደብዳቤ ይመለሳላ!»

ጸሐፊዋ ሳትጠየቅ ወረቀትና እስክሪብቶ አቀበለችው። ቱርቦ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠና፣ ጉልበቱን ጠረጴዛ አድርጎ፣ ጮክ ብሎ እያነበበ ይጽፍ ጀመር። «በተፈጠረው የአሠራር ክፍተት ምክንያት…»

«ቆይ» አለች እትዬ። «ማነው የፈጠረው?»

«ምኑን?»

«ክፍተቱን።»

ቱርቦ ሰረዘው። «ስሕተት መፈጸሙ ስለታወቀ…»

«ማነው የፈጸመው?»

«ኧረ እትዬ! የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ እኮ እንዲህ ነው የሚጻፈው!»

«አውቃለሁ። የኔም እንደዚያው ነው፤ ‹ተወስኗል› ይላል። ማን እንደወሰነ አይልም። ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ግቢ ሠርቼ፣ ‹እኔ ነኝ ያባረርኩሽ› ብሎ የነገረኝ ሰው እንኳ የለም።»

ቱርቦ እስክሪብቶውን ያዘ፣ አልጻፈም። ቀና ብሎ አያት። ጆሮው ቀላ። ከዚያ ወረቀቱን ገለበጠና በንጹሁ በኩል ጻፈ፤ ድምፁን አላሰማም። ፈረመና ሰጣት።

እትዬ መነጽሯን ፈለገች፤ ባሏ ከደረት ኪሱ አውጥቶ አደረገላት። ሁለት መስመር ነው። «ተሳስቻለሁ። ክፍሉም ሥራውም የእሳቸው ነው።» ሁለቴ አነበበችው። እንባዋ መጣ፣ ሳቋም መጣ፤ የቱን እንደምታስቀድም ግራ ገባት።

«ማኅተምስ?» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች።

«ማኅተሙ ቢሮ ነው። ሰኞ…»

«ሰኞማ ሐሳብህ ይለወጣል። ተነሥ!»

ክንዱን ይዛ አስነሣችውና ሦስት መቶ ሰው እያየ ወደ ቢሮው ደረጃ ይዛው ሄደች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ጫማሽ!» ብሎ ባሏ ከኋላ ጮኸ፤ አንዱን ጫማዋን ከፍ አድርጎ ይዟል።

«መጀመሪያ ማኅተሙ ይመታ!» አለች፤ ዞር ሳትል፣ በአንድ እግር ጫማ ደረጃውን እየወጣች።